ገንዘባችሁን ለሚጠብቅ ትውልድ፦ የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ሰርተፊኬት በየዩኒቨርሲቲው



በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ትሰማላችሁ። ስለ እነዚህ ጉዳዮች የፓርቲያችን አቋም በዚህ ጽሑፍ በሌሎች ክፍሎች ተዘርዝሯል። በዚህ ክፍል የምናነሳው ጉዳይ ግን በምርጫ ቅስቀሳ ላይ እምብዛም ስሙ አይነሳም። ይኸውም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወጣቶች፣ የትምህርት ዘርፋቸው ምንም ይሁን ምን፣ ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው ጎን ለጎን የሚወስዱት የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ሰርተፊኬት እንዲቋቋም ያቀረብነው ሐሳብ ነው።

“ኑሮ እንዲህ ከከበደን ሰርተፊኬት ምን ይፈይድልናል?” የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግልጽና አጭር ነው፤ ኑሮ ከከበደባቸው ምክንያቶች አንዱ የሕዝብ ገንዘብ ሕዝቡ በማያውቀውና በማይጠየቅ መንገድ ሲታዘዝ መኖሩ ነው። ስለ ገንዘብ የሚጠይቅ ዜጋ በሌለበት አገር ስለ ገንዘብ የሚመልስ መንግሥት አይኖርም።

ያለፍንበት መንገድ

ኢትዮጵያ ለባንክ እንግዳ አይደለችም። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ተተካ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ አስተናጋጅነት የኩባንያዎች አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቡድን ተቋቁሞ ሥራ ጀምሮ ነበር።

ይህ ጅምር ፍሬ ሳያፈራ ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችንና የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ። የአክሲዮን ገበያውም አብሮ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 84 ነው። አክሲዮን በይፋ የሚገበያይበት ሥፍራ ግን እስከ 2017 ዓ.ም. አልነበረም። በሌላ አነጋገር አንድ ሙሉ ትውልድ አክሲዮን ምን እንደሆነ፣ ዋጋው በምን እንደሚወሰንና መብቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ሳያውቅ አድጎ አርጅቷል።

ዕውቀት በሌለበት ገንዘብ ሲሰበሰብ የሚሆነውን የከተማ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ “በምሥረታ ላይ” የሚል ታፔላ የለጠፉ አክሲዮን ማኅበራት እንደ እንጉዳይ ፈልተው ነበር። በጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ እየሰማ፣ የጡረታ ገንዘቡንና ወርቁን ሸጦ አክሲዮን የገዛው ብዙ ነው። ከእነዚህ ማኅበራት መካከል ቁም ነገር የሠሩ አሉ። ሆኖም ሳይመሠረቱ የቀሩ፣ ተመሥርተውም አንድም ቀን ትርፍ ሳያከፋፍሉ የከሰሙ፣ ቤት እንሠራላችኋለን ብለው ገንዘብ ሰብስበው ቤቱን ያላስረከቡ ነበሩ። ለገዢው የተረፈው ደረሰኝና “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚለው ተረት ብቻ ነው። መንግሥት የመጣው ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ቆጣቢው እንዴት ተቀጣ?

ከአክሲዮን የራቀውና “ባንክ ይሻለኛል” ያለው ቆጣቢም አልተረፈም። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ሒሳቡን በራሳችሁ አስሉት። በዓመቱ መጀመሪያ 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 1,070 ብር ይዞ ወጣ። ዋጋ በ30 በመቶ በጨመረበት ዓመት ያ 1,070 ብር የሚገዛው ዕቃ ከዓመት በፊት በ823 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ከሺህ ብር 177 ብር ያህሉ ሌባ ሳይመጣ፣ ግብር ሳይታወጅ፣ ፓርላማ ሳይወያይበት ጠፋ። ባንክ ደብተሩ ላይ ግን ገንዘቡ የጨመረ ይመስላል።

የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢው ታሪክም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበው፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በ20/80፣ በ40/60 ወይም በ10/90 እንደገና የተመዘገበውና የተጨመረው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከደመወዙ እየቀነሰ በየወሩ ሲቆጥብ ኖሯል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ የቁጠባው አቅም በየዓመቱ ወረደ። ከእነዚያ ቆጣቢዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቁልፍ አልተረከቡም። ቁጠባ ሲጀምሩ “ይህ ገንዘብ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ያወጣል?” የሚለውን ስሌት በግልጽ ያሳያቸው አካል አልነበረም።

የግል ባንኮችም ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ታዘው ነበር። ሰነዱ መጀመሪያ ላይ የሚያስገኘው ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ ባንኮቹ ለአስቀማጭ ከሚከፍሉት ያነሰ ነው። የኪሳራው ማካካሻ ከየት መጣ? አንድም ከተበዳሪው ነጋዴ ላይ በተጫነ ወለድ፣ አንድም ለአስቀማጩ ከተከለከለ ወለድ ነው። ሱቅ ለማስፋት ብድር ጠይቆ የተከለከለው የከተማ ነጋዴ ገንዘቡ የት እንደሄደ አልተነገረውም። እኛ እየተናገርን ያለነው ይህን ነው።

አሁን ለምን?

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል፤ ለውጡ ግን ያልተዘጋጀ ሕዝብ ላይ ነው የመጣው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ፣ የውጭ ባለሀብቶችም በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ በድምሩ እስከ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ፈቀደ።

የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ለዚህ ዝግጅት ማነስ ምስክር ነው። በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው በ300 ብር ለሕዝብ ቀረቡ። አንድ ሰው መግዛት የሚችለው ትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ ብዙም አልበለጡም። አገሪቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳላት አስታውሱ። በእኛ እምነት ይህ የሆነው የሕዝቡ ኪስ ስለተራቆተ፣ በቀድሞ አክሲዮን ማኅበራት የተቃጠለ ስለነበረና 300 ብር ውድ ይሁን ርካሽ ራሱ ሊመዝንበት የሚችለውን ዕውቀት ማንም ስላልሰጠው ነው። ገበያ በሕንፃና በኮምፒውተር አይቆምም። ገበያ የሚቆመው ዋጋ መመዘን በሚችሉ ሰዎች ነው።

እነዚህን ሰዎች ከየት እናገኛለን? የደላላነት፣ የኢንቨስትመንት አማካሪነትና መሰል ሥራዎች ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የውጭ ባንኮችም ሲመጡ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። የእኛ ልጆች ካልተዘጋጁ ጥሩ ደመወዝ ያለው ወንበር በውጭ ሰው ይያዛል፤ ለእኛ ልጆች የሚቀረው የመስኮት ሥራ ይሆናል።

የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ምንድን ነው?

ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ መሠረቱ በቤታችን ያለ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 1,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ ውሰዱ። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት 12,000 ብር ሲወስድ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። በመጨረሻው ወር የደረሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ አበደረ። ሁለቱም 12,000 ብር ወሰዱ፤ የሁለቱ ገንዘብ ግን እኩል አይደለም። የቸገረው ሰው ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣውን ሲገዛና ለዚያም የሚከፍለውን ሲደራደር፣ በዩኒቨርሲቲ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ተብሎ የሚሰጠውን ትምህርት በተግባር እየሠራ ነው።

ዕድርም እንዲሁ ነው። ሐዘን ማን ቤት መቼ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ለብዙዎች ሲከፋፈል ግን ማንንም አይሰብርም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” የሚለው ምሳሌ ስለ ሥጋት ክፍፍል ነው። ሀሪ ማርኮዊትዝ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ገንዘብን በተለያዩ ንብረቶች ላይ መበተን ሥጋትን እንዴት እንደሚቀንስ በ1952 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳይቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። አያቶቻችን ሐሳቡ ነበራቸው፤ የጎደለን ስሌቱ ነው።

ሦስተኛው ቁም ነገር ሻጭ የሚያውቀውንና ገዢ የማያውቀውን ይመለከታል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ፣ ገዢው መልካሙን ከብልሹው መለየት በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ እየወጣ መጥፎው እንደሚቀር አስረድቷል። የእኛ የአክሲዮን ማኅበራት ታሪክ ከዚህ ምን ይለያል? አታላዩና ሐቀኛው በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ ሲቀርቡ ሕዝቡ ከሁለቱም ሸሸ፤ ሐቀኛውም ካፒታል አጣ። መፍትሔው የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት በይፋ ማውጣትና ያንን ሪፖርት ማንበብ የሚችል ሰው ማፍራት ነው።

ፓርቲያችን ምን ያቀርባል?

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በተጀመረው የ70/30 ፖሊሲ አብዛኛው ተማሪ ወደ ምሕንድስናና ተፈጥሮ ሳይንስ ተመደበ። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የግብርና ባለሙያው በአንደኛ ዓመት ከሚወስደው የኢኮኖሚክስ መግቢያ በቀር ስለ ፋይናንስ ሳይማር ይመረቃል። ነገር ግን ክሊኒክ የሚከፍተው ሐኪሙ፣ ድርጅት የሚያቋቁመው መሐንዲሱ፣ ከባንክ ጋር የሚፈራረመው አግሮኖሚስቱ ነው። እንዲያውም ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን የዕዳ ውል የሚፈርመው ዕዳ ምን እንደሆነ ሳይማር ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተለውን ያቀርባል፦

አንደኛ፦ ሰርተፊኬቱ ከስድስት ኮርሶች አይበልጥም። እነርሱም ለፋይናንስ የሚያስፈልግ ሒሳብና ስታትስቲክስ፤ የገንዘብ የጊዜ ዋጋና የሥጋት ምዘና፤ ባንክና የገንዘብ ፖሊሲ፤ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ፤ የሒሳብ ሪፖርት ንባብ፤ የፋይናንስ ሕግና ሥነ ምግባር ናቸው። ተማሪው ከመደበኛ ዲግሪው ጋር ጎን ለጎን ይወስዳቸዋል፤ የምረቃ ጊዜው አይራዘምበትም።

ሁለተኛ፦ ለሁሉም ትምህርት ክፍሎች ክፍት ይሆናል። የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎችም በእኩል መብት ይመዘገባሉ። የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የቀበሌ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሱቅ ባለቤት ሥራውን ሳይለቅ ሊማር ይገባል።

ሦስተኛ፦ ለአዲስ አበባ ብቻ አይሆንም። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በመቀሌ፣ በድሬዳዋ፣ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢያቸው ኢኮኖሚ ላይ አተኩረው ያስተምሩታል። ጅማ ያለው ተማሪ የቡና ዋጋና የምርት ገበያ አሠራርን፣ ድሬዳዋ ያለው የድንበር ንግድንና የምንዛሪ ተመንን ከሜዳው ያጠናል።

አራተኛ፦ የመጨረሻው ሥራ የክፍል ፈተና ብቻ አይሆንም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የታተመ የሒሳብ ሪፖርት መርምሮ፣ ለተራ አንባቢ በሚገባ አማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ጽፎ ያቀርባል። እነዚህ ጽሑፎች በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ይቀመጣሉ። አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት አንድ ነጋዴ ሄዶ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ መምህሩ ነጻ ይሆናል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ መባረራቸውን አገሪቱ አልረሳችም። የብሔራዊ ባንክን ፖሊሲ መተቸት የማይችል የፋይናንስ መምህር ለተማሪው የሚሰጠው መፈክር እንጂ ዕውቀት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 በወረቀት የሰጠውን ነጻነት በተግባር እናስከብራለን።

ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ

“ወረቀት በዛ፤ ዲግሪ የያዘው ሥራ አጥቶ ሰርተፊኬት ምን ይጨምራል?” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ትርጉም የሌለው ወረቀት በዝቷል። ለዚህ ነው አዲስ የትምህርት ክፍል፣ አዲስ ዲንና አዲስ ሕንፃ ያልጠየቅነው። አብዛኞቹ ኮርሶች በኢኮኖሚክስ፣ በአካውንቲንግና በሒሳብ ክፍሎች በተበታተነ መልኩ አሉ። የጎደለው ለሌላው ተማሪ በር መክፈትና ወደ አንድ ማሰባሰብ ነው። የሰርተፊኬቱን ክብደት የሚወስነውም ማኅተሙ ሳይሆን ተማሪው የጻፈው የምርመራ ሥራ ነው።

“ይህ ለሀብታም ልጆች ነው” የሚሉም አይጠፉም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሀብታም አማካሪ ይቀጥራል፣ ቤት ይገዛል፣ ብር ሲረክስ ገንዘቡን የሚያሸሽበት አያጣም። በዋጋ ንረት የሚቀጣው ደመወዙን በባንክ የሚያስቀምጠው መምህር፣ ነርስ፣ ጡረተኛና የጉልት ነጋዴ ነው። በስልክ መልእክት “ዛሬ አስገባ፣ ነገ እጥፍ ውሰድ” እያሉ የሚያጠምዱት አታላዮችም የሚፈልጉት ይኸንኑ ሰው ነው። ቤተሰቡ ውስጥ “ይህ ትርፍ ከየት ይመጣል?” ብሎ የሚጠይቅ አንድ የተማረ ልጅ ካለ ቤቱ ይተርፋል።

ሌሎች ደግሞ “መምህር ከየት ይመጣል?” ይላሉ። በአንድ ቀን በሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንከፍታለን አላልንም። ብቁ መምህር ባላቸው ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ይጀመራል፤ በባንክና በኢንሹራንስ ረጅም ዘመን የሠሩ ባለሙያዎች በትርፍ ሰዓታቸው እንዲያስተምሩ ይደረጋል። በውጭ አገር በሙያው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ናቸው። ወደ አገራቸው ዶላር እንዲልኩ ብቻ ሳይሆን ዕውቀታቸውንም እንዲያካፍሉ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንናገራለን። ሰርተፊኬት ብቻውን የዋጋ ንረትን አያቆምም። የበጀት ጉድለትን በብሔራዊ ባንክ ብድር መሸፈንን በሕግ መዝጋት፣ የባንኩን ነጻነት ማስከበር፣ ምርትን ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ስለ እነዚህ በኢኮኖሚ ፖሊሲ ክፍላችን ጽፈናል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ከወጣ በኋላ መከበሩን የሚከታተል ዜጋ ከሌለ ነገ በሌላ ስም ይጣሳል። የ27 በመቶው ትእዛዝ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲቆይ በየከተማው ስንት ሰው ያውቀው ነበር? የሚያውቅና የሚጠይቅ ሕዝብ ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ዕድሜ ባላገኘ ነበር።

የተከበራችሁ መራጮች፤

ለፓርቲያችን ድምፅ ባትሰጡም እንኳ በየአካባቢያችሁ የሚወዳደሩትን ዕጩዎች ሁሉ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን። ባንክ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ከዓመት በኋላ ስንት ይገዛል? የልጄ ዩኒቨርሲቲ ይህን ስሌት ያስተምራታል ወይ? ያስተማራትስ መምህር መንግሥትን ቢተች ሥራው ላይ ይቆያል ወይ? ለሦስቱም በግልጽ የሚመልስላችሁን ምረጡ።

እኛ መልሳችንን ጽፈን፣ ቆጥረን፣ ፊርማችንን አኑረን አቅርበናል። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ልጆቹ የእናንተ ናቸው፤ ድምፁም የእናንተ ነው።